የሮብሌ ውሃ

መብራት ሄደ ደግሞ፤ ከዚራ ጨለመ፣
ሙቀቱ ግን ቀርቶ በር ላይ ቆመ
እንደ አበዳሪ ሰው፣ ቃሉን እየደጋገመ።
ጋሽ ወልደየስ (ድሬ ነውና «አንተ» እለዋለሁ፣
ሰባ ዘጠኝ ዓመቱን እያወቅሁ)
ካልጋው ሥር ጎተተ የመፍቻ ሣጥን፤
ከቅባት ጨርቅ መሃል፣ ከመዶሻው ጎን
አወጣው ጠርሙሱን።

ሦስት ብርጭቆ ደረደረ፤ እኛ ሁለት ነን።
ሦስተኛው ላይ ውሃ ቀዳ፤ ዝም አልን።

«የጠላ ልማድህን ከደጅ ተወው» አለ፣
«ይህ ባንድ ትንፋሽ አይጨለጥም፤ የቸኮለ
ሐዲድ ይስታል፣ ፉርጎም ይገለብጣል።
መጀመሪያ ዓይንህ ይጠጣል።»

ወደ ሻማው አስጠጋሁት፤ ቀለሙን አየሁት፤
ማር አይደለም፣ ሻይም አይደለም አልኩት፤
የደቻቱ አሸዋ ነው፣ ጎርፉ ከሄደ በኋላ፣
ፀሐይ ባሥር ሰዓት ስትተኛበት፣ ቀልላ።
ብርጭቆውን አጋድሜ ስመልሰው፣ ጠርዙ ላይ
ዘይት መሳይ እንባ ቀረ፣ መውረድ የሚያመነታ ከላይ።

«አሁን አፍንጫህን፤ አፍህን ግን ከፈት አድርገው፣
አለዚያ ይመታሃል።» ሳልሰማው
በረጅሙ ሳብኩት። ናላዬ ዞረ።
እሱ ሳቀ፤ ግድግዳው ላይ ጥላው ጨፈረ።

ደግሜ፣ በቀስታ፣ እንደ ሌባ።
ያን ጊዜ ነው ጭሱ ሳያንኳኳ የገባ፦
የእንጨት አይደለም፣ የከሰልም፤
ሬንጅ የጠጣ የፉርጎ ሸራ፣ ቀትር ላይ ሲግም።
ከዚያ የክሊኒክ ሽታ፣ አዮዲን፣ ፋሻ፣
ከዚያ ጨው፤ መጨረሻ
ላይ፣ የደረቀ ቴምር።

«ጨው አለው እንዴ?» ስለው፣ «ባሕር ዳር ያደገ
ምን ይሽተት ታዲያ?» ብሎ ወንበሩን አስጠጋ።
«ገብስ ብቻ ነው፤ ካንድ ቤት፤ ያልተደባለቀ፤
ብቅሉ በረግረግ አፈር ጭስ የደረቀ።
አሥራ ስድስት ዓመት በርሜል ውስጥ ሲተኛ
የሚተነውን መላእክት ይጠጡታል አሉ፣ የቀረውን እኛ።
ድሬ ቢሆን ኖሮ፣ በዚህ ሐሩር፣
መላእክቱ ሰክረው፣ እኛ ባዶ በርሜል ስናንኳኳ እንኖር ነበር።

በል አሁን ጥቂት። ምላስህ ላይ አስቀምጠው፤
ስምህን በልብህ ሦስቴ ጥራ፣ ከዚያ ዋጠው።»

ሁለተኛው ላይ ስሜ ጠፋኝ። ጉሮሮዬ ነደደ።
እሱ ምንም አላለም፤ ወደ ሦስተኛው ብርጭቆ እጁን ሰደደ፣
ጣቱን ነክሮ ከሮብሌ ውሃ
ሦስት ጠብታ አንጠባጠበልኝ፣ ቆጥሮ እንደ ድሃ።

ሮብሌ ረዳቱ ነበር፤ ኢሳ፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣
አምስት ሶላት የማያጓድል፣ ዳገት ላይ የማይተኛ።
መጠጥ ካፉ ገብቶ አያውቅም። ይህን ጠርሙስ ግን
ከጅቡቲ ያመጣው እሱ ነው፣ ከመፍቻው ሥር ደብቆ፣ ደወሌ ስንደርስ ሌሊቱን
ፈታሹ ሲጠይቀው፣ «የወዳጄ መድኃኒት ነው» ብሎ።
«የዋሸው ያን ሌሊት ብቻ ነው» አለ ጋሽ ወልደየስ፣ «ለእኔ ብሎ።
ጡረታ የወጣን ዕለት ልንከፍተው ነበር፤
እኔ በውስኪ፣ እሱ በውሃ፣ ፊት ለፊት ልንከራከር።
መጀመሪያ ባቡሩ ቆመ።
ከዚያ እሱ... አንድ ጣቢያ ቀድሞኝ ወረደ።»

ደግሜ ቀመስኩት። እሳቱ ተቀምጧል፤
ከጭሱ ጀርባ የተዘጋ በር ተከፍቷል፦
የኤረር ብርቱካን፣ ልጣጩ፤ ትንሽ ማር፤
ከዋጥኩት በኋላም አለ፣ የሚናገር፣
ባቡሩ አልፎ ከራቀ ቆይቶም
ጆሮህን ብትለጥፍበት ሐዲዱ ዝም እንደማይል፣ የትም።

«መጣ!» ብለው ልጆች ጮኹ። ማራገቢያው ተነሣ።
እሱ ማብሪያውን መልሶ አጠፋው፤ የሮብሌን ብርጭቆ አነሣ፣
ውሃውን በሻማው አየው፣
አፉን ከፈት አድርጎ አሸተተው፣
ምላሱ ላይ ብዙ አቆየው።